ሩዝና ሽሪምፕ በአንድ ማሳ

በባሕር ዳር የሚኖር ገበሬ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ጨው ነው። ጨው የገባበት ማሳ እህል አያበቅልምና። በደቡብ ቬትናም የሜኮንግ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ዝቅተኛ አገር ግን ብዙ ገበሬዎች ይህንኑ ጨው የሲሳይ ምንጭ አድርገውታል። በአንዱ ማሳ በክረምት ሩዝ ያበቅሉበታል፤ በበጋ ደግሞ በኢጣልያንኛ ጋምቤሪ የሚባለውን ሽሪምፕ ያረቡበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት የወንዙ ውሃ ስለሚያንስ የባሕሩ ውሃ በቦዮች ወደ ውስጥ ይገባል። ገበሬው በማሳው ዙሪያ ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ በወጣው አፈር ግድብ ይሠራል። ከዚያም የውሃውን በር ከፍቶ ጨዋማውን ውሃ ያስገባና ከመፈልፈያ ጣቢያ የገዛውን የሽሪምፕ ጫጩት ይለቅበታል። ሽሪምፑም ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ለገበያ ይደርሳል። ክረምት ሲገባ ማሳው በዝናብ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ጨውም ሲለቀው ሩዝ ይተከላል። ከሽሪምፑ የተረፈው ዝቃጭ ለሩዙ ማዳበሪያ ይሆናል፤ የሩዙም ገለባ በስብሶ ሽሪምፑ ለሚመገባቸው ደቃቅ ፍጥረታት መኖ ይሆናል።

በአውሮጳ አቆጣጠር በ2000 ዓመት የቬትናም መንግሥት ምርታቸው አነስተኛ የሆነ የሩዝ መሬቶች ለውሃ እንስሳት ርቢ እንዲለወጡ ስለ ፈቀደ፥ ወደዚህ ሥራ የገባው ሕዝብ እጅግ በዛ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በሽሪምፕ ዋጋ ተማርከው ሩዝን ፈጽመው ተዉ። ይህ መንገድ የሚያዋጣ መሆኑን ለማወቅ ሒሳቡን ማየት ይገባል።

በአንድ ሄክታር ማሳ በየካሬ ሜትሩ 2 ጫጩት ቢለቀቅ 20,000 ይሆናል። ከዚህ ከመቶ 30 ቢተርፍና እያንዳንዱ 30 ግራም ቢመዝን 180 ኪሎ ይገኛል። ምርቱ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ሽሪምፑ ውሃው ውስጥ ባለው ምግብ ስለሚያድግ ዋናው ወጪ የጫጩቱ ዋጋና የቤተ ሰቡ ጉልበት ነው። በየካሬ ሜትሩ 40 ጫጩት በጥልቅ ኩሬ የሚለቅ ሰው ግን ከመቶ 70 ቢተርፍለትና እያንዳንዱ 25 ግራም ቢመዝን 7,000 ኪሎ ያገኛል። ዳሩ ግን ለአንድ ኪሎ ሽሪምፕ አንድ ኪሎ ተኩል መኖ ቢታሰብ፥ 10,500 ኪሎ መኖ መግዛት አለበት። ውሃውን ለሚያናፍሱት ሞተሮችም ቀንና ሌሊት የሚከፍለው ወጪ አለ።

ይህን ሁሉ ወጪ ከኪሱ የሚከፍል ገበሬ ጥቂት ነው፤ ብዙው ከመኖ ነጋዴ በዱቤ፥ ወይም ከአበዳሪ በወለድ ይወስዳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ እስያ የታወቀው የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ኩሬ ውስጥ ከገባ ደግሞ ከሦስት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ያለውን ሁሉ ሊፈጅ ይችላል፤ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። ሽሪምፑ ያልቃል፤ ዕዳው ግን ይቀራል። ባለ ዕዳውም መሬቱን እስከ ማስያዝ ይደርሳል፤ ልጆቹም ወደ ከተማ ፋብሪካዎች ይሰደዳሉ።

ሩዙን ያልተወ ገበሬ በዚያው በሽታ ቢጎዳም፥ የጠፋበት የጫጩት ዋጋና የጥቂት ወራት ድካም ነው፤ የቤቱ ቀለብ ከማሳው ይገኛል። ይህም ቢሆን ከአደጋ ነጻ አይደለም። ዝናብ ሲዘገይ ጨው በመሬቱ ይቀርና ሩዙ ይጠፋል። በ2016 በደረሰው ብርቱ ድርቅ የባሕሩ ውሃ ከወትሮው እጅግ ርቆ ወደ መሬቱ ስለ ገባ ብዙ የሩዝ ሰብል ጠፍቷል። ስለዚህ ጠንቃቃው ገበሬ ጨውን ቶሎ የሚያሳጥብ ቦይና ጨውን የሚችል የሩዝ ዘር አስቀድሞ ያዘጋጃል።

የሐማሴን ገበሬ ገብስና ስንዴ ቀላቅሎ ሐንፈጽ የሚዘራው፥ ዝናቡ ለአንዱ ባይስማማ ሌላው እንዲያበላው ብሎ ነው። የሜኮንግ ገበሬም ያደረገው ከዚህ የተለየ አይደለም። በባሕር ዳር ሽሪምፕ ለማርባት የሚያስብ ሰው ሁሉ፥ በመልካም ዓመት ስንት አተርፋለሁ ከማለቱ በፊት፥ ሽሪምፑ ባለቀበት ዓመት ቤተ ሰቤ ምን ይበላል ብሎ ሒሳቡን ከዚያ ይጀምር።