ኦክቴን በባሌ ደጋ

የነዳጅ ክዳኑ ላይ «95» ወይም «ፕሪሚየም» ተብሎ የተጻፈበት መኪና የገዛ ሰው ሮቤ ማደያ ገብቶ የሚመርጠው የለውም። ጎባም ይሁን አዲስ አበባ፣ ከማደያው የሚቀዳው ቤንዚን ያው አንድ ዓይነት ነው። ውጭ አገር ያለው ዘመድ ደግሞ «ተራውን እንዳትቀዳበት!» እያለ ጭንቀት ይጨምርበታል።

ቁጥሩ የኦክቴን መጠን ነው። ሲሊንደር ውስጥ የታመቀው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ይግላል። ካንዴላው ከለኮሰው በኋላ፣ ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት ድብልቅ ሙቀቱንና ግፊቱን መቋቋም አቅቶት በራሱ ከነደደ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሲበረታና ሲደጋገም ፒስተን ይበሳል። ኦክቴን ይህን የመቋቋም አቅም ይለካል እንጂ የጉልበት ማዕረግ አይደለም። አለካኩም አገር ለአገር ይለያያል፦ የዱባዩ 91 እና የአሜሪካው 87 ተቀራራቢ ናቸው።

ለተራ ቤንዚን የተሠራ ሞተር ውዱን ቢጠጣ የሚያተርፈው የለም። ኤኤኤ የተባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ፈትሾ ይህንኑ አረጋግጧል፤ የአገሩ ሰው በአንድ ዓመት 2.1 ቢሊዮን ዶላር በከንቱ ማውጣቱንም አስልቷል።

ባሌ ላይ ደግሞ ደጋው ራሱ ያግዛል። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጎባ ትበልጣታለች። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ቢታመቅም ግፊቱ አይበረታም፤ ማንኳኳቱም ይርቃል። ሌላው በገንዘብ የሚገዛውን ከፍታው በነፃ ሰጠ ማለት ነው። በኮሎራዶ ተራሮች በ87 ፈንታ 85 መሸጥ የተለመደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ልማዱ ግን የካርቡሬተር ዘመን ቅሪት በመሆኑ የዛሬ መኪና አምራቾች አይወዱትም።

ሳነቴ የሚነሳው ጉልበት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲሶ ያህል አቅሙን ያጣል፤ የጎደለው አየር እንጂ ነዳጅ ስላልሆነ የትኛውም ቤንዚን አይመልሰውም። ማርሽ ቀንሶ መውጣት ነው። ቱርቦ ያለው ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ የከፍታው እርዳታ ብዙም አይደርሰውም። የአምራቹ መጽሐፍ 95ን «ግዴታ» ካለው ቀልድ የለም። «ይመከራል» ብቻ ካለ ኮምፒውተሩ የእሳቱን ሰዓት አዘግይቶ ሞተሩን ይጠብቃል፤ ዋጋው ትንሽ ጉልበትና ትንሽ ነዳጅ ነው።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ቤንዚን ሲጠፋ በጀሪካንና በሃይላንድ መንገድ ዳር የሚቸረቸረው ነው። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ ክፉኛ ይወርዳል፤ እንኳን ፕሪሚየም፣ ተራ ቤንዚንም መሆኑ ይቀራል። ከዚያ የቀዳ ባጃጅ ወይም መኪና ዳገት ላይ ማንኳኳት ከጀመረ ቤንዚን መርገጫውን ላላ ማድረግ፣ ማርሽ መቀነስ፣ ሳይውል ሳያድርም ከማደያ ቀድቶ ማቅጠን ነው።