የቅዳሜዋ ግማሽ ቀን

ሥራ የሚለቅ ሰው ክሊራንሱን ጨርሶ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ሊወስድ ሲመጣ በሩን ዘግቼ፣ «እውነቱን ንገረኝ፣ ለምንድን ነው የምትሄደው?» እለዋለሁ። ማመልከቻው ላይማ ሁሉም የሚጽፈው አንድ ነው፤ «ለተሻለ የሥራ ዕድል»።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ፣ «ደመወዙ ያው ነው፤ እዚያ ግን ቅዳሜ አይሠራም» አለችኝ። ቤቷ ቱሉ ዲምቱ ነው። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ልጆቿን ለጎረቤት ትታ፣ ተሰልፋ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይራ ትገባለች። ለአራት ሰዓት ሥራ ሦስት ሰዓት መንገድ። የግብር ሰነዶቻችንን እንደ እሷ የሚያውቅ አልነበረም፤ ምትኳ ሥራውን እስኪለምድ ሦስት ወር ሙሉ ሒሳብ በጊዜው አልተዘጋም። እስካሁን ይቆጨኛል።

የቅዳሜን ሥራ ሳነሣ አለቆች ቶሎ የሚመዙብኝ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ነው፤ «ሕጉ 48 ሰዓት ይፈቅዳል» ይሉኛል። አዋጁ የሚለው ግን መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ነው። 48 ጣሪያው ነው፤ ካልሞላ ያልነው እኛ ነን።

ሰዓት መቀነስ ደግሞ ሌላ ቦታ ተሞክሯል፤ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022፣ 61 ድርጅቶች ደመወዝ ሳይነኩ ለስድስት ወር የሥራ ሰዓት ቀንሰው ሲሞክሩ፣ የሚለቀው ሠራተኛ ቁጥር በ57 በመቶ መውረዱ ተዘግቧል። ወደው የገቡበት ሙከራ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ አዲስ አበባ አላመጣውም። ለአስተዳደሩ ያቀረብኩት የሒሳብ ክፍሉ ቅዳሜ እንዲያርፍ ብቻ ነበር፤ ደመወዝ ሳይነካ። ተፈቀደ።

መጀመሪያ ግን ተበላሸ። የቅዳሜው ሥራ ወደ ዓርብ ተገፋ፤ ሰዉ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያመሽ ጀመር። በሁለተኛው ወር አንድ ወጣት ለቀቀ። ሥራውን ሳንቀንስ ቀኑን ብቻ ነበር የቀነስነው። ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ቁጭ ብለን ወረቀቱን አንድ በአንድ አየነው፤ ማንም የማያነበውን ሳምንታዊ ሪፖርት አስቀረን፣ ለአንድ ክፍያ የሚፈለገውን አራት ፊርማ ሁለት አደረግነው። ከዚያ በኋላ ከክፍሉ የመልቀቂያ ማመልከቻ አልደረሰኝም። ቅዳሜን ሁሉም አያርፍበትም፤ ማስተርስ የሚማርበት አለ፣ ኑሮው ከብዶት ሌላ ሥራ የሚሠራበትም አለ። ቢሆንም ቀኑ የራሱ ነው።

የመጋዘን ሠራተኞቹ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። ቅዳሜ ዕቃ ስለሚገባ የነሱን ማንም አላነሣውም። በየሁለት ሳምንቱ ተራ በተራ ቅዳሜን የሚያርፉበት ፕሮግራም አውጥቼ ለሥራ አስኪያጁ አስገብቻለሁ፤ ፊርማውን እየጠበቅኩ ነው።