ቦሎ የለጠፈ ተሽከርካሪ ሁሉ ለጉዞ ብቁ ነውን?

ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ የጭነት ተሽከርካሪ ድልድዩ ጋ እስኪደርስ ድረስ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ጠመዝማዛ መንገድ አሽከርካሪው እግሩን ከፍሬን ሳያነሳ ከወረደ የፍሬን ሸራውና ታምቡሩ በሰበቃ ብዛት ይግላሉ። የጋለ ታምቡር ይሰፋል፤ የጋለ ሸራም የመያዝ አቅሙ ይዳከማል። ፍሬኑ በአየር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በተደጋጋሚ በተረገጠ ቁጥር በታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት እየቀነሰ ይሄዳል። ፍሬን እምቢ አለው የሚባለው አደጋ በአብዛኛው እንዲህ ተጠራቅሞ የሚመጣ እንጂ ድንገት የሚወርድ መቅሰፍት አይደለም።

ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ከባድ ማርሽ በማስገባት ተሽከርካሪውን ሞተሩ እንዲይዘው ያደርጋሉ፤ ፍሬኑንም በየመሃሉ ያሳርፋሉ። ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ የሚጠቅመው ሸራው ያላለቀ፣ የአየር ቱቦው የማያፈስ፣ ጭነቱም ከተፈቀደለት ክብደት ያላለፈ ከሆነ ነው። እነዚህ ጉዳዮች ደግሞ የሚወሰኑት ሸለቆው ውስጥ ሳይሆን ተሽከርካሪው ከድርጅቱ ግቢ ከመውጣቱ በፊት ነው።

በ2002 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግላቸው ደንግጓል። በምርመራው ፍሬን፣ መሪ፣ መብራት፣ ጎማና ሌሎች ክፍሎች ይታያሉ፤ ያለፈውም ቦሎ ይለጠፍለታል። ብዙ ድርጅቶች ታዲያ ቦሎው ከተለጠፈ የዓመቱ ኃላፊነት የተጠናቀቀ አድርገው ይቆጥሩታል። ቦሎ የሚመሰክረው ግን ተሽከርካሪው በምርመራው ዕለት ስለነበረበት ሁኔታ ብቻ ነው። በረዥም መስመር የሚሠራ የጭነት ተሽከርካሪ በዓመት ውስጥ የፍሬን ሸራና ጎማ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊጨርስ ይችላል። ለምርመራው ቀን ደህና ጎማ ተውሶ ገጥሞ በማግስቱ አሮጌውን መመለስም በዘርፉ ያልተሰማ ነገር አይደለም። እንዲህ የሚያደርግ ባለንብረት መርማሪውን ያታለለ ቢመስለውም ያታለለው ራሱን ነው፤ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ተጠያቂው እርሱ ነውና።

በዚህ ረገድ ከ1952 ዓ.ም ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማያሻማ ነው። የሕጉ አንቀጽ 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ጉዳቱን ያደረሰው ተሽከርካሪውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም፤ ተሽከርካሪው ጉዳቱን ባደረሰበት ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት ይኖርበታል። ረዳቱ ቁልፉን አንስቶ ተሽከርካሪውን ከግቢ ቢያወጣና ሰው ቢገጭ "እኔ አላዘዝኩም" ማለት ብቻውን አያዋጣም ማለት ነው። የቁልፍ አያያዝ ተራ የግቢ ሥርዓት መስሎ ቢታይም በዚህ ምክንያት የሕግ ጉዳይም ነው።

በ2005 ዓ.ም የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ያለዚህ ዋስትና መንገድ ላይ እንዳይወጣ ከልክሏል። ይህ መድን ለተጎጂው ትልቅ ከለላ ነው። መድን ሰጪው የሚከፍለው ግን እስከ ተወሰነ ጣሪያ በመሆኑ፣ ፍርድ ቤት ከዚያ በላይ ካሳ ከወሰነ ልዩነቱን የሚሸፍነው ባለንብረቱ ነው። የተሽከርካሪውን የራሱን ጉዳት የሚሸፍኑ የመድን ውሎችም በተለምዶ አሽከርካሪው ለተሽከርካሪው ዓይነት የሚፈቅድ መንጃ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። የነዳጅ ቦቴን ለማሽከርከር የፈሳሽ ጭነት ምድብ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቋሚው አሽከርካሪ ታሟል ተብሎ የደረቅ ጭነት ፈቃድ ያለው ሰው ለአንድ ቀን ቢተካ የሚቆጠረው እንደ ትብብር ሳይሆን እንደ ጥሰት ነው።

በየዕለቱ ጠዋት የሚደረገው ፍተሻ ከሩብ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ሥራ ነው። በአየር ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ፣ ሞተር አስነስቶ የአየር ግፊቱ እስኪሞላ መጠበቅና ሞተሩን አጥፍቶ ግፊቱ መቀነስ አለመቀነሱን ማየት፣ የጎማ ጥርስና ንፋስ፣ የቸርኬ ብሎን፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ የጭነት ማሰሪያ ገመድ። አሽከርካሪዎች ይህን አያውቁም ማለት አይቻልም። ችግሩ የሚጀምረው አሽከርካሪው ጉድለት ማግኘቱን ሲናገር ነው። ዕቃው በዕለቱ መድረስ አለበት የተባለ የስምሪት ኃላፊ "ለዛሬ እንደምንም ድረስና ስትመለስ ይሠራል" ብሎ ያሰናብተዋል። ንግግሩ በቃል ስለሆነ አሻራ የለውም፤ አደጋ ቢደርስ ብቻውን ፖሊስ ጣቢያ የሚቀርበው አሽከርካሪው ነው።

ይህን ለማስቀረት ውጤታማ የሆነው አሠራር ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛው ጉድለቱ ቀን፣ ታርጋና ፊርማ ባለው ቅጽ ተመዝግቦ ቅጂው ለአሽከርካሪው እንዲቀር ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ድርጅቶች የሚያመነቱበት፣ ፍሬን፣ መሪ ወይም ጎማ ላይ ጉድለት የተመዘገበበትን ተሽከርካሪ የማቆም ሥልጣን ከስምሪት ክፍል ተወስዶ ለጥገና ክፍል እንዲሰጥ ማድረግ ነው። የጭነት ውል የሚያስጨንቀውና የፍሬን ሸራ የሚያስጨንቀው ሰው አንድ ሊሆን አይገባም።

የአሽከርካሪው ድካምም ከዚሁ ተለይቶ አይታይም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ከ24 ሰዓት ያላነሰ የሳምንት ዕረፍት ደንግጓል። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር አበልና ጉርሻ በምልልስ ብዛት ሲታሰብ ግን አሽከርካሪው ሌሊቱንም መንዳቱ የሚጠበቅ ነው። ድርጅቱ በግድግዳው ላይ "ፍጥነት ይገድላል" ብሎ ለጥፎ በደመወዝ መዝገቡ ፍጥነትን የሚሸልም ከሆነ አሽከርካሪው የሚያምነው የደመወዝ መዝገቡን ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ መቋቋም ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ እንደሚሆንም መዘንጋት የለበትም።

ዛሬ በርካታ ተሽከርካሪዎች የፍጥነት መገደቢያና ጂፒኤስ ተገጥሞላቸዋል። መሣሪያው የት፣ መቼና በምን ፍጥነት እንደተነዳ ይመዘግባል፤ መዝገቡን በየሳምንቱ ተቀምጦ የሚያነብ ሠራተኛ ከሌለ ግን ከጌጥነት አያልፍም። የቦሎ፣ የመድንና የመንጃ ፈቃድ ማብቂያ ቀናትን በአንድ ሠንጠረዥ ጽፎ አንድ ወር ሲቀራቸው ማሳሰብም ለዚሁ ሠራተኛ የሚሰጥ ቀላል ሥራ ነው።

ከባድ አደጋ ሲደርስ ተሽከርካሪው በቴክኒክ ባለሙያ ይመረመራል። ያን ጊዜ ድርጅቱ ከሚጠየቃቸው ሰነዶች መካከል ፍሬኑ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተሠራና ማን እንደፈረመበት የሚያሳየው የጥገና ማኅደር ይገኝበታል።