የጨጓራ ቀለበት ስንት ዓመት ያገለግላል?

ውፍረት ለመቀነስ ጨጓራቸው ላይ ቀለበት ለማስገባት የሚያስቡ ሰዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?» ብለው ነው። «ቀለበቱ ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» የሚለው ጥያቄ ግን ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ችግሩ ከተፈጠረ በኋላ።

ቀለበቱ ከሲሊኮን የተሠራ ሲሆን የጨጓራን የላይኛውን ክፍል ዙሪያውን ያስራል። በቀጭን ቱቦ አማካይነት ከሆድ ቆዳ ሥር ከተቀበረ ትንሽ መሙያ ጋር ይገናኛል። ሐኪሙ በመሙያው በኩል በመርፌ ፈሳሽ ሲጨምር ቀለበቱ ይጠብቃል፤ ሲቀንስ ይላላል። ጨጓራ አይቆረጥም፤ ካስፈለገም ቀለበቱ ሊወጣ ይችላል። በአሜሪካ እ.አ.አ በ2001 ሲፈቀድ ብዙዎችን የሳበው ይኸው ነበር።

ዓመታት ሲያልፉ የታየው ግን የተደባለቀ ነው። በአውስትራሊያ በአንድ ማዕከል በቅርብ ክትትል የቆዩ ታካሚዎች ከ15 ዓመት በኋላም ካላቸው ትርፍ ክብደት ግማሽ ያህሉን እንደቀነሱ ነበሩ። ለምሳሌ 120 ኪሎ የሚመዝን፣ ለቁመቱ 70 ኪሎ የሚበቃው ሰው ትርፉ 50 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 24 ኪሎ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው። ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። ሆኖም ከእነዚሁ ታካሚዎች ከ10ሩ 4ቱ ያህል ድጋሚ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል። በቤልጂየም እ.አ.አ ከ1994 እስከ 1997 ቀለበት የገባላቸውና ከ12 ዓመት በላይ ቆይተው የታዩ 82 ሰዎች ላይ ደግሞ ግማሽ ለሚጠጉት ቀለበቱ ወጥቷል። የቀድሞ ስሪትና የቀድሞ አገባብ መሆኑ መዘንጋት ባይኖርበትም፣ ቁጥሩ ትልቅ ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ውፍረት ለመቀነስ ከሚደረጉ 100 ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ እንኳ ቀለበት አይሆንም፤ ብዙ ሐኪሞች የጨጓራን ከፊል ቆርጦ ማውጣትን መርጠዋል።

ለምን ይበላሻል? ቱቦው ወይም መሙያው ሊያፈስስ ይችላል፤ ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ቀለበቱ ለረጅም ጊዜ ከልክ በላይ ከጠበቀ የምግብ ቧንቧ ይሰፋል፤ ቃርና የሌሊት ሳል ይከተላል። አንዳንዴ ቀለበቱ ቀስ በቀስ የጨጓራን ግድግዳ በልቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ሲሆን ሕመም ላይኖር ይችላል፤ በድንገት እንደ ልብ መብላት ቻልኩ ማለት፣ ወይም ከዓመታት በኋላ የመሙያው ቦታ ቀልቶ መግል መያዝ ምልክቱ ሊሆን ይችላል። ቆዳውን ብቻ በአንቲባዮቲክ አክሞ መሸኘት አይበቃም፤ በኢንዶስኮፒ ጨጓራው መታየት አለበት።

አስቸኳዩ ጨጓራው በቀለበቱ ውስጥ ወደ ላይ ሲንሸራተት ነው። ውሃ እንኳ አልወርድ ካለ፣ ትውከቱ ካልቆመና ሆድዎን ካመመዎት እስኪነጋ አይጠብቁ። ለሚያክምዎ ሐኪም ቀለበት እንዳለዎት አስቀድመው ይንገሩ፤ ፈሳሹ ቶሎ መውጣት ይኖርበታል፤ ጎማውን የማይበጣ ልዩ መርፌም ያስፈልጋል። ትውከቱ ቀናት ካስቆጠረ ከግሉኮስ በፊት ቫይታሚን ቢ1 መሰጠት አለበት፤ እጥረቱ አንጎልንና ነርቭን ይጎዳል።

ቀለበቱ የሚያግደው ጠጣር ምግብን ነው። የአቮካዶ ጁስ፣ ማርና ለስላሳ መጠጥ ያለ ችግር ያልፋሉ፤ ክብደቱም አብሯቸው ይመለሳል። ካረገዙ ደግሞ ቀለበቱ መላላት ሊያስፈልገው ስለሚችል ለሐኪምዎ ቀደም ብለው ያሳውቁ።

ቀለበቱን በውጭ አገር አስገብተው ወደ አገር ቤት የሚመለሱ ወገኖች አሉ። ከመምጣትዎ በፊት የቀለበቱን ስም፣ የገባበትን ቀንና በውስጡ ያለውን የፈሳሽ መጠን የሚገልጽ ወረቀት ከሐኪምዎ ይቀበሉ። እዚህ ማን ሊሞላና ሊያጎድል እንደሚችልም አስቀድመው ያጣሩ። ገና ለማስገባት የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ ይህን ጥያቄ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ያንሱት።