ዓይን ላይ የሚመጣ ዚግዛግ፦ መቼ እንጠብቅ? መቼ ሐኪም ቤት እንሂድ?

መጀመሪያ አንዲት የምታብረቀርቅ ነጥብ ትታየኛለች። ቀስ በቀስ ወደ ዚግዛግ መስመር ተለውጣ ትሰፋለች። ስልኬ ላይ የማነበው ጽሑፍ ግማሹ ይጠፋብኛል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይታ ስትሄድ ደግሞ ራስ ምታቱ ይተካል።

ይህ የማይግሬን ኦራ ይባላል። እኔን ብዙ ጊዜ የሚቀሰቅስብኝ ምሳ መዝለል፣ እንቅልፍ ማጣትና ፍቅር ሐይቅ ዳር ከውሃው ላይ የሚያንፀባርቀው የከሰዓት ፀሐይ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ለሰው ስናገር “ምች ነው፣ ዳማከሴ ጨምቂና ጠጪ” የሚለኝ አይጠፋም። “መነጽር አድርጊ” የሚልም አለ። ነገሩ ግን ከዓይን ሳይሆን ከአንጎል ነው። እይታን በሚያቀናብረው የአንጎል የኋላ ክፍል ላይ አንድ ማዕበል በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ያልፋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ካርል ላሽሊ ይህን ፍጥነት በ1941 እ.ኤ.አ. ያሰላው የራሱን ኦራ በወረቀት ላይ እየሳለ ነበር።

ዋናው መለያም ይኼው ቀስታ ነው። ኦራ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል። ስትሮክ ግን ድንገት ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ሲጀምረኝ ሰዓቱን ስልኬ ላይ እመዘግባለሁ። ዓይኖቼን ተራ በተራ እከድናለሁ፤ ኦራ በሁለቱም ነው የሚታየው። ከዚያ ጥላ ቦታ ቁጭ እላለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ አስፋልት አልሻገርም። እናንተ ሞተር ወይም ባጃጅ ላይ ከሆናችሁ ዳር ይዛችሁ አቁሙ። ማስታገሻ ግን አታዘውትሩ፤ በወር ከ10 ቀን በላይ ከሆነ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከታያችሁ “ማይግሬን ነው” ብላችሁ ራሳችሁ አትወስኑ፤ ተመርመሩ። እነዚህ ከመጡ ደግሞ “ትንሽ ልተኛና ነገ አየዋለሁ” አይባልም፦

• በአንድ ዓይን ብቻ ወይም ድንገት የጠፋ እይታ
• ከ1 ሰዓት ያለፈ ኦራ
• የአፍ መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የንግግር መተሳሰር
• እንደ መብረቅ ድንገት የመጣ ከባድ ራስ ምታት
• ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር

ያኔ በቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፤ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርባችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለእኛ ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒን ኦራ ላለባት ሴት የስትሮክ አደጋን ይጨምራል፤ ሲጋራ ሲታከልበት ይብሳል። ኪኒን ከመጀመራችሁ በፊት “ኦራ አለብኝ” በሉ። ካልነገራችኋቸው አይጠይቋችሁ ይሆናል።