ሞትን ብቻ የማይቆጥር ሒሳብ

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚወራ ነገር አለ፦ «የሰው ነፍስ በብር መተመን ተጀመረ፤ ማን እንደሚታከም የሚወስኑት ኢኮኖሚስቶች ናቸው።» ሐሰት ነው፤ ጎጂም ነው። ሒሳብ ያልተሠራለት በጀትም ቢሆን ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መንፈጉ አይቀርም። የተነፈገው ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

የጤና ኢኮኖሚክስ መሠረቱ አጭር ነው። የአንድ አገልግሎት ወጪ ከሚያስገኘው ጤና ጋር ይነጻጸራል፤ ያው ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢውል ምን ያስገኝ እንደነበርም ይጠየቃል። ብዙ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ የሚያልቅ ይመስለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» ላይ የወጣ ጥናት፣ መንግሥት ኢትዮጵያ ውስጥ የዘጠኝ አገልግሎቶችን ወጪ ቢሸፍን ምን እንደሚገኝ አሰላ። በየ100,000 ዶላሩ የኩፍኝ ክትባት 367 ሞት ያስቀራል፤ የኒሞኮካል ክትባት 170፤ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ 141። በዚህ ብቻ ቢፈረድ ኩፍኝን የሚስተካከለው የለም። ተመራማሪዎቹ ግን ሌላ ጥያቄ ጨመሩ፦ ስንት ሰው ድህነት ውስጥ ከመውደቅ ይተርፋል? ያን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ተለወጠ። በቀዶ ሕክምና ማዋለድ 98፣ የቲቢ ሕክምና 96፣ የደም ግፊት ሕክምና 84 ሆነው ከፊት መጡ።

ለምን? ምጥ የጠናባት አንዲት የገበሬ ሚስት ያለችበትን ቤት እንመልከት። ሆስፒታል ለመድረስ መኪና በኮንትራት ይያዛል። እዚያ ሲደረስ «ይህ መድኃኒት እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። አስታማሚውም ማደሪያና ምግብ ያስፈልገዋል። ገንዘቡ የሚፈለገው በአንድ ሌሊት ስለሆነ በሬው በተገኘው ዋጋ ይሸጣል፤ ካልሆነም በአራጣ ይበደራሉ። እናትና ልጅ በሰላም ቢመለሱ እንኳ፣ በሬ የሌለው ገበሬ ክረምት ሲገባ መሬቱን ለሌላ በእኩል ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ ያጣል። ቲቢና ደም ግፊት ደግሞ ይህንኑ ጉዳት በወራትና በዓመታት ከፋፍለው ያደርሱታል። ሞትን ብቻ የሚቆጥር ሰንጠረዥ ይህን ቤተሰብ «ምንም አልሆነም» ብሎ ያልፈዋል።

ሙያው አከራካሪ ነገር የለበትም አልልም። ቁጥሮቹ የሞዴል ስሌት ውጤቶች ናቸው፤ የዋጋው መረጃ ሲለወጥ እነሱም ይለወጣሉ። በበሽታና በአካል ጉዳት የሚባክነውን ዕድሜ የምንለካበት መስፈርትም የአካል ጉዳተኛን ሕይወት ያሳንሳል ተብሎ ይተቻል፤ ትችቱ ቀላል አይደለም። ለአንድ ዓመት ጤና የነፍስ ወከፍ ገቢን እስከ ሦስት እጥፍ ማውጣት «ያዋጣል» የሚለው የቆየ መለኪያም ለድሃ አገር ከአቅሟ በላይ የሆነውንም የሚያዋጣ ያስመስላል፤ እኔ አልጠቀምበትም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰው የኢትዮጵያ መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ጥቅል ለ1,018 አገልግሎቶች ደረጃ ያወጣው በሰባት መመዘኛዎች ነው። ወጪ ቆጣቢነት ከሰባቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ፍትሐዊነትና ቤተሰብን ከኪሳራ መጠበቅ ለየራሳቸው ይመዘናሉ። ባይመዘኑ ኖሮ የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥን በትከሻ ተይዞ በእግር የሚደረስበት ቀበሌ፣ ወጪው ስለሚበዛ ብቻ ዘወትር ተራው የመጨረሻ በሆነ ነበር።