ጊዜ ገንዘብ ቢሆን፦ ከፊልሙ ሰዓት እስከ ጦር ኃይሎች ሰልፍ

«ጊዜ ወርቅ ነው» ሲባል ያልሰማ የለም። ለመሆኑ አባባሉ ቃል በቃል እውነት ቢሆን፣ ማለትም ደመወዛችን በሰዓትና በደቂቃ እየተከፈለን፣ ዳቦም የምንገዛው ከቀሪ ዕድሜያችን እየቀነስን ቢሆን፣ ምን ዓይነት ኅብረተሰብ ይፈጠር ነበር? እ.ኤ.አ. በ2011 ለዕይታ የበቃውና አንድሪው ኒኮል ጽፎ ያዘጋጀው «ኢን ታይም» የተሰኘ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም የሚያነሣው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

በፊልሙ ዓለም ማንኛውም ሰው 25 ዓመት ሲሞላው ማርጀቱን ያቆማል። በዚያው ቅጽበት ግን ክንዱ ላይ ያለው ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል፤ በነፃ የሚሰጠውም አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሀብታሞች የመቶ ዓመታት ባለቤት ሆነው በተከለለ ከተማ ሲኖሩ፣ ድሆች ግን ለነገ የሚያደርሳቸውን ሰዓት ዛሬ ሠርተው ማግኘት አለባቸው። የዋናው ገጸ ባሕርይ እናት የምትሞተው በአውቶቡስ ሒሳብ ምክንያት ነው። የቀራት ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ዋጋው በድንገት ከአንድ ወደ ሁለት ሰዓት ከፍ ብሏል። በእግር ብትሄድ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

የሰልፉ ሒሳብ

ይህ ትዕይንት ለአዲስ አበባ ነዋሪ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው ጦር ኃይሎች ከምዕራብ የከተማዋ ክፍል ወደ መሐል ለሚጓዘው ሕዝብ ዋነኛ መተላለፊያ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም ከአያት የሚነሣው የቀላል ባቡር መስመር መዳረሻ ሆኗል። በዚህ ስፍራ ተሰልፎ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ከታሪፉ ሌላ በጊዜ የሚከፍለው ዋጋ አለ። አንድ ሠራተኛ በሰልፍና በጉዞ በቀን 2 ሰዓት ያጠፋል እንበል። በዓመት 300 የሥራ ቀናት 600 ሰዓት፣ ማለትም 25 ሙሉ ቀናት ይሆናል። በ35 የሥራ ዓመታት ከሁለት ዓመት በላይ ዕድሜ ማለት ነው። ከሥራ ቦታው አጠገብ ቤት ለመከራየት አቅም ያለው ሰው ይህን ዕዳ አይከፍልም።

በሕዋሳችን ውስጥ ያለው ሰዓት

በክንዳችን ላይ ባይታይም፣ ሰዓት መሰል ነገር በሕዋሳችን ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ የሰው ሕዋስ በቤተ ሙከራ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መከፈሉን እንደሚያቆም አሳዩ። ለዚህም አንዱ ምክንያት የክሮሞዞም ጫፍ የሆነው ቴሎሜር በእያንዳንዱ መከፈል እያጠረ መሄዱ ነው። በቴሎሜርና ቴሎሜሬዝ በተባለው ኤንዛይም ላይ ባደረጉት ምርምር ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግራይደርና ጃክ ሾስታክ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እንደ ፊልሙ ሰዓቱን ማስቆም ግን ቀላል አይደለም፤ አብዛኞቹ የካንሰር ሕዋሳት ያለ ገደብ የሚራቡት ይህንኑ ኤንዛይም ተጠቅመው ነውና።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ብላክበርንና ኤሊሳ ኤፔል እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በጽኑ የታመሙ ልጆችን ለረዥም ዓመታት ያስታመሙና ከፍተኛ ጭንቀት የሚሰማቸው እናቶች ቴሎሜራቸው አጥሮ ተገኝቷል። የኑሮ ጫና በሕዋስ ደረጃም አሻራውን ሊተው ይችላል ማለት ነው።

ዕድሜን ማን ያከፋፍላል?

የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ዘገባ፣ በስኮትላንድ ግላስጎው አካባቢ በድሃው ሠፈርና በባለጠጋው ሠፈር በሚወለዱ ወንዶች መካከል የ28 ዓመት የዕድሜ ልዩነት መኖሩን ገልጿል። ልዩነቱን የፈጠረው ዘረመል ሳይሆን የኑሮ ሁኔታ ነው። በመሆኑም ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ አማካይ የመኖር ተስፋ 50 ዓመት ገደማ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ከ65 በልጧል። ለዚህም ክትባት፣ ንጹሕ ውኃና እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የየራሳቸውን ድርሻ አበርክተዋል። በጃፓን ግን አኃዙ 84 ዓመት ገደማ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ጀግናው ባንክ ዘርፎ ጊዜን ለድሆች ያድላል። የነገው ሐኪም፣ መሐንዲስና የከተማ ፕላን ባለሙያ ግን መዝረፍ አያስፈልገውም። አንድን ሰልፍ በግማሽ ሰዓት ያሳጠረ ሰው ለሺህዎች ዕድሜ ሰጥቷል።